ጋሽ ጆሮና ነጩ ሣጥን

በየማለዳው ጋሽ ጆሮ የወተት ፋብሪካውን ግቢ እንደ ረገጠ፣ ከቀኝ ጆሮው ባቄላ የምታህል ማዳመጫ አውጥቶ በሸሚዙ ኪስ ይከታል። ከዚያ የመሀል ጣቱን አጥፎ የበረዶውን ገንዳ በአንጓው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ አንዴ ከራሱ በላይ፣ አንዴ ከወገቡ፣ አንዴ ከጉልበቱ በታች። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ትንሽ ይቆያል። ሲያበቃ ማዳመጫዋን መልሶ ይሰካታል። ሠራተኞቹ ይህን ማየት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። “ጋሽ ጆሮ፣ መስሚያውን አውልቀው ነው እንዴ የሚሰሙት?” ይሉታል። “እናንተስ ስትተኙ መነጽራችሁን ታወልቁ የለ፤ ታዲያ ሕልም አታዩም?” ይላቸዋል። ነገሩ ከነገሩ አይገናኝም፤ ግን ስቀው ያልፋሉ።

ጋሽ ጆሮ የተባለው ማዳመጫዋ ከመምጣቷ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ስሙ የሚሞገስበት ነበር።

ገንዳው ቤት የሚያክል የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ ውሃ ነው፤ በውሃው መሀል ቧንቧዎች እንደ መሰላል ተደርድረው ይወጣሉ ይወርዳሉ። አገር ሲተኛና መብራት ሲተርፍ የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ በተሞላለት ሰዓት ራሱ ይነሳና በቧንቧዎቹ ዙሪያ በረዶ ይጋግራል። ምሽት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራው ገብቶ አምፖሉን፣ ምድጃውንና ካውያውን እኩል ሲለኩስ፣ ኮምፕሬሰሩ ዝም ይላል። የምሽቱን ወተት የሚያቀዘቅዘው በበረዶው መሀል እየተሽሎከለከ የሚዞረው ውሃ ነው። ገንዳው ባልነበረበት ዘመን ማሽኑ ምሽት ላይ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደክምና እንደ ክብሪት እሳት ይቀላ ነበር፤ ሰዎች በመስኮታቸው ብቅ እያሉ ወተቱንም ላሟንም ይራገሙ ነበር። ጋሽ ጆሮ ያኔ ገና ጎረምሳ ነው፤ ገንዳውን ከገጠሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ በየመስኮቱ የማይንቀጠቀጥ ብርሃን ሲያይ፣ የበራው ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። “ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ያሉት በረዶ ያላዩ ናቸው” ይል ነበር።

ጆሮውስ? ገንዳው ሲንኳኳ በረዶው ገና ስስ ከሆነ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። በልኩ፣ ማለትም በየቧንቧው ዙሪያ አራት ጣት ያህል ከሆነ፣ እንደ ደወል ጥርት ይላል። ከልክ ካለፈ ግን ድምጹ ይሞታል፤ ድንጋይ ይሆናል። ይህን ለይቶ የሚናገር ከእሱ በቀር አልነበረም። አንዴ ሥራ አስኪያጁ ሳያምን ቀርቶ፣ ክዳኑን አስከፍቶ በዘንግ አስለካ፤ ጋሽ ጆሮ ያለው ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጸደቀ።

ሚስቱ ግን ገንዳውን “ጣውንቴ” ነበር የምትለው። ጠዋት ከእኔ በፊት እሷን ታንኳኳለህ፣ ሲያማት ታድራለህ፣ እኔ ሲያመኝ “ውሃ ጠጪ” ትለኛለህ እያለች ሠላሳ ዓመት ተቀኘችባት። እሱም ነገሩ ደስ ይለው ነበር። የሚቀናበት እንጂ የሚቀና ሰው መሆኑን አያውቅም ነበርና።

ነጩ ሣጥን የመጣው በአንድ ሰኞ ነው። ባትሪ ነው አሉ። የልብስ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ድምጽ የለው፣ ውሃ አይፈልግ፣ አይንጠባጠብ። ሌሊት የተረፈውን መብራት ይጠጣና ምሽት ለኮምፕሬሰሩ መልሶ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ በረዶ መጋገርም፣ በረዶ ጠባቂም አያሻም። ሠራተኞቹ ነጭነቱንና ሰው ሁሉ እየዞረ የሚያየው መሆኑን አይተው “ሙሽሪት” አሉት። ጋሽ ጆሮን ከሁሉ በላይ ያነደደው ግን ሣጥኑን ይዛ የመጣችው ሰው ናት። የእህቱ ልጅ ነበረች።

እሷን እሱ ነው ያሳደጋት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቷ ቀድሞ ሞተ፤ እናቷ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለነበረች ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እሱ ዘንድ ነበር። ብሎን መፍታት፣ ሽቦ መግጠም፣ የተቃጠለ ሞተር በሽታ መለየት እሱ አስተማራት። በስምንት ዓመቷ ጉንጯን ገንዳው ላይ አድርጋ “አጎቴ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?” ብላው ነበር። ከዚያ ተምራ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆና፣ ባትሪ በሚተክል ሌላ ድርጅት ተቀጥራ ተመለሰች። በመጣች በመጀመሪያው ቀን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ወደ ሣጥኑ ዞረች። የሣጥኑ ሆድ ምን ያህል እንደሞላ ስልኳ ይነግራታል። ገንዳውን አላንኳኳችም። እሱ ይህን ቆጥሮ ያዘ።

ቅናት ሰውን ቆጣሪ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ በቀን ስንቴ ወደ ሣጥኑ እንደሚሄድ ቆጠረ። ስንት እንግዳ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ እንደተነሳ ቆጠረ። የገንዳው ጣሪያ ስድስት ዓመት ሲያፈስ ቆርቆሮ ጠፋ ሲል የኖረው ሥራ አስኪያጅ፣ ለሣጥኑ በሁለት ቀን ውስጥ ዳስ የመሰለ ጥላ ሲያሠራለት አየ። የእህቱ ልጅ በምሳ ሰዓት ሣጥኑን በለስላሳ ጨርቅ ስትወለውል አየና ምሳውን ሳይጨርስ ቋጠረ። ላይ ላዩን ይስቃል። ቤቱ ገብቶ ሲያማርር ሚስቱ ሰሃን እያጠበች ሰማችው፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው በሳቅ ትንቀጠቀጥ ነበር።

“አንተዬ፣ በጣውንቴ ላይ ጣውንት መጣባት በለኛ” አለችው። “እንግዲህ ሠላሳ ዓመት እኔ ቀናሁ፤ አሁን ተራው የአንተ ነው።”

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን በአንድ ወር ፈተና ሊቆርጠው ወሰነ። አንድ ሳምንት ሣጥኑ፣ አንድ ሳምንት ገንዳው፣ እየተፈራረቁ ምሽቱን ይሸከማሉ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ መብራት በሚወደድበትና በሚጠብበት ጊዜ፣ ፋብሪካው ከውጭ የሚስበውን ቆጣሪው ይመዘግባል። ሣጥኑ ብቻውን ከበቃ ገንዳው ተቆራርጦ ለብረት ይሸጣል፤ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ይህን ሲናገር ጋሽ ጆሮን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ “እርስዎም ያርፋሉ” አለው። እንዲህ ያለውን እረፍት ጋሽ ጆሮ ከመቃብር ለይቶ አያየውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ ያለ እንከን ወጣ። በሁለተኛው ገንዳው ደህና ይዞ ዓርብ ላይ ተሸነፈ፤ ቀኑ ነዶ፣ ወተቱ ሞቆ መጥቶ፣ በረዶው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አለቀና ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። የመንገዱ መብራት ደብዘዝ ሲል ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያ ላይ ውሃውን የሚያዞሩት ፓምፖችና ውሃውን ለማናወጥ ከሥር አየር የሚነፋው ሞተር ምሽቱን ሁሉ ከውጭ መስመር ይስባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑ እንደገና ዝም ብሎ ሠራ። ዝምታው ራሱ ስድብ መሰለው።

ጋሽ ጆሮ ለአራተኛው ሳምንት ያላደረገው የለም። ቧንቧዎቹን ሙቀት የሚከላከል አዲስ ልብስ አለበሰ፤ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ላስቲክ ከቤቱ ባመጣው ሙጫ ለጠፈ፤ ብርሃናቸው ከሙቀታቸው የማይበልጥ አሮጌ አምፖሎችን እያወረደ አስቀየረ። “በሩን ዝጉ” ሰላምታው ሆነ፤ ወተት የሚቀበሉት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት “ዘግተናል፣ እንዴት አደሩ” ይሉት ጀመር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ገንዳው በደንብ ያዘ። ግን ዓርብ ቀረ፤ የሙቀቱ ወሬ ደግሞ ከሁለተኛው ሳምንት የባሰ ነበር። በዚያ ዓርብ ምሽት ሥራ አስኪያጁ የመብራት ድርጅቱን ሰዎች ሊያመጣ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጆሮ ክዳኑን ከፍቶ ከቧንቧው አራት ጣት ርቆ የቆመውን የውፍረት መለኪያ ዘንግ አየው። በረዶው እያደገ ሄዶ ያን ዘንግ ሲነካ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል። በቧንቧና በቧንቧ መሀል ሁለት ጣት ክፍተት ይተርፋል፤ የውሃው መንገድ እሱ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ መካኒክ “በረዶ ለውሃ መንገድ ካልተወ ድንጋይ ነው” ይሉ ነበር። ይህን ያውቃል። ሆኖም ለዓርብ በረዶው እንዲበዛለት፣ የውሃው መንገድ ግማሽ ጣት ቢቀር ምን ይላል ብሎ ዘንጉን ወደ ውጭ ገፋው። ቧንቧዎቹ ከእሱ ጋር ያረጁና እዚህም እዚያም የጎበጡ መሆናቸውን፣ የእሱ ግማሽ ጣት አንዳንድ ቦታ ላይ ምንም ክፍተት እንደማይተው ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባው እሱ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን የሚያየው ቧንቧውን ሳይሆን ጥላ የተሠራለትን ነጭ ሣጥን ነበር።

ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጠፈ። ቀና ሲል የእህቱ ልጅ ስልኳን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ዛሬ ዋናው ቀን መሆኑን ታውቃለች።

“አጎቴ፣ እንዴት ነው ድምጹ?” አለችው።

“ደወል ነው” አላት።

ፈገግ ብላ ሄደች። እሷም በልቧ ገንዳው ቢተርፍ ትወድ ነበር፤ ግን እሱ ስላልጠየቃት አልነገረችውም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ የወተት መኪኖቹ መጡ። አሥራ ሁለት ላይ ኮምፕሬሰሩ መቆሙን ሁሉም አረጋገጠ፤ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት እንግዶች ጋር ቆጣሪው ፊት ቆመ። ጋሽ ጆሮ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ አዲስ ካኪ ለብሶ፣ እንደ አማት ይንጎራደድ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወተት የምትቀበለው ሴትዮ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ “ኧረ ጋሽ ጆሮ፣ ወተቱ አልቀዘቀዘም” አለችው። ወደ አራት ዲግሪ መውረድ የነበረበት ቴርሞሜትር ዘጠኝ ላይ ቆሟል። ፓምፑ ያቃስታል፤ ከገንዳው የሚመጣው ውሃ ግን እንደ ሽንት ቀጭን ነው። ከላይ ከላይ ብቻ አልፎ ሞቆ ይመለሳል።

የእህቱ ልጅ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጥታ ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጭ ቋጥኝ ሆኗል። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልታየ ብዙ በረዶ ነበር፤ አንድ ስኒ ወተት ግን የሚያቀዘቅዝ አልነበረም። መለኪያውን በእጇ ነካችው፤ ጥርሷን ነክሳ አጎቷን ቁልቁል አየችው። እንግዶቹ ወደ ገንዳው ሲመጡ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ “ዘንጉ በንዝረት ወጥቶ ነው፤ ያጋጥማል” አለች።

ጋሽ ጆሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር። መሬት ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ ተሰንጥቃ አታውቅም። ስለዚህ እግሩ ወደሚያውቀው ሮጠ። ከወተት ዕቃ ማጠቢያው የሙቅ ውሃ ጎማ ጎትቶ መጣና ከላይ ቆሞ በረዶው ውስጥ መንገድ ይሰረስር ጀመር፤ የት የት ቧንቧው ቅርብ እንደሆነ፣ የት የት መጫን እንደማይገባ እጁ ያውቃል። አየር የሚነፋው ሞተር በሙሉ ጉልበት ካልተነሳ ግን ውሃው ቀዳዳውን አያሰፋውም፤ ሁለተኛውም ፓምፕ መነሳት አለበት። ሁለቱን በዚያ ሰዓት ከውጭ መስመር ማስነሳት ማለት በእንግዶቹ ፊት የሰፈሩን መብራት ማፍዘዝ ነው። የእህቱ ልጅ ከታች ሆና ሽቦ ስትጎትት አያት። ከነጩ ሣጥን ወደ ገንዳው።

“አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ሙሽሪት ታግዝህ” አለችው። “ዛሬ ብቻ ኩራትህን ዋጥ አድርግ፣ አጎቴ።”

ዋጠ። ሞተሩ ተነሳ፤ ከገንዳው ሆድ አረፋ ፈላ፤ በረዶው ጧ ጧ እያለ ተሰነጣጠቀ። በሃያ ደቂቃ ቴርሞሜትሩ ሰባት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አራት ሆነ። የመጀመሪያው መኪና ወተት ለእርጎ ተላለፈ፤ ሌላው ሁሉ ተረፈ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ቆጣሪውን አንብቦ እንደገና አነበበ። ፋብሪካው በዚያ ወር ከውጭ እንደዚያን ምሽት ጥቂት የሳበበት ቀን አልነበረም። ብርዱን ከበረዶው፣ የሞተሮቹን ጉልበት ከሣጥኑ ወስደዋል፤ ከውጭ የቀረው የአምፖሎቹ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ለማቆየት የወሰነው እዚያው ቆሞ ነው፤ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ ሐሳቡን ከጥንት ያሰበው ያስመስል ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ የእህቱ ልጅ ደረጃው ላይ ከአጎቷ አጠገብ ተቀመጠች። ካኪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ቁጣዋን እስከዚያ ድረስ አምቃ ይዛ ቆይታ ነበር።

“ዘንጉን አንተ ነህ የገፋኸው።”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ቀንቼ” አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው። “በሣጥኑ ቀንቼ። ባንቺም ቀንቼ። አንዴም አላንኳኳሽም።”

ቁጣዋ አልበረደም። አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። መግፋቱ ይሁን፤ ሰው ይቀናል። ግን ጠዋት ችግሩን ቢናገር ኖሮ ቀኑን ሙሉ በረዶውን ለመክፈት ጊዜ ነበረ፤ የዚያ ሁሉ ገበሬ ወተትም ለአደጋ ባልተጋለጠ ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው።

“ጠዋት ስታንኳኳ አልሰማኸውም?”

ጋሽ ጆሮ ጣቶቹን አየ። የመሀል ጣቱ አንጓ ከሠላሳ ዓመት ማንኳኳት ጠጥሯል።

“አልሰማሁም” አላት። “ደወል ነው የመሰለኝ። ጆሮዬ እየከዳኝ ነው መሰል።”

ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ተለወጠ። እጁን ይዛ እንባዋን በትከሻው ጠረገች። ለሥራ አስኪያጁም፣ ለእናቷም፣ ለአጎቷ ሚስትም ስለ ዘንጉ ትንፍሽ አላለችም፤ የነገረቻቸው ስለ ጆሮው ብቻ ነው። በሳምንቱ የጆሮ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ ድምጽ ስትሰማ ይህን ቁልፍ ተጫን አሉት። አንዳንዱን ተጫነ፣ አንዳንዱን አለፈ። የከፈለችው እሷ ናት፤ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችውም። ባቄላ የምታህለዋን ማዳመጫ በገዛ እጇ ጆሮው ውስጥ አደረገችለት። በየማታው ቻርጅ ታደርጋታለህ፣ ባትሪዋ ትንሽ ናት አለችው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው። “ባትሪ ግቢ እንዳትገባ ስትከለክል ጆሮህ ውስጥ ገባችልህ!”

ገንዳው አልተሸጠም። ጣሪያውም ተጠገነ። የበረዶውን ውፍረት እየለካ ለስልክ የሚናገር መሣሪያ ተገጠመለትና ማንኳኳት የማያስፈልግ ሆነ፤ ጋሽ ጆሮ ግን ማንኳኳቱን አልተወም፣ የሚከለክለውም የለም። ሰዎቹ ስሙን ሲጠሩት አሁን ድምጻቸው ላይ ትንሽ ርኅራኄ አለ። የእህቱ ልጅ በወር አንዴ ሣጥኑን ልታይ ስትመጣ መጀመሪያ ወደ ገንዳው ትሄዳለች፤ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። ከዚያ እንዲሰማት ቀስ ብላ፣ ጎላ አድርጋ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ታዋራዋለች። በነጩ ሣጥን ላይ ያለው ቅናትስ? አልለቀቀውም። ጥላው ሥር ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ ሲያይ አሁንም “እዚህ ምን አላችሁ?” ይላል።

ይህን ሁሉ ለእኔ ለጸሐፊዋ ሲተርክልኝ ምንም አልደበቀም። መቅናቱን ጻፊው አለኝ፤ ዘንጉን መግፋቱንም፣ እንደ አማት መንጎራደዱንም። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመነኝ፤ የእህቱ ልጅ ማንበብ ትወዳለች።

ያን ዓርብ ጠዋት ገንዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ሆኖ መልሶለታል። ከላይም፣ ከወገቡም፣ ከጉልበቱ በታችም። ሰምቶታል። በረዶውን ቢከፍት ምሽት ላይ በሣጥኑ መሸነፉ ነው፣ ልጅቱን ቢጠራ በሣጥኑ መረዳቱ ነው፤ ስለዚህ ደወል ነው አላት። ማዳመጫዋን በየማታው ቻርጅ ያደርጋታል፤ በየማለዳው ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ከቤት ይወጣል። አንድም ቀን አብርቷት አያውቅም።